እማ የምትባለው

«እግሯን ያዥልኝ፣ እማዬ። አጥብቀሽ ያዥ!» አለች የትምወርቅ።

መርፌ ቁልፉን በክብሪት እሳት ለብልባ፣ በአልኮል ጠርጋ፣ ከልጅቷ እግር ሥር ተንበርክካለች። ሙጃሌው የገባው በግራ እግር አውራ ጣቷ ጥፍር ጥግ ነው፤ ቦታው እንደ አተር ተነፍቶ ነጥቷል፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ይህ ለየትምወርቅ የዕለት ሥራዋ ነው። በዲላው ሚሲዮን ክሊኒክ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ከኢዲዶና ከጨለለቅቱ እያነከሱ የሚመጡትን የስንቱን ሰው እግር አክማለች። ከረጢቱን ሳታፈነዳ ዙሪያውን ፈልፍላ መንቀሉን ታውቅበታለች። «የሷ መርፌ ቢወጋም አያምም» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ካሳነሽ ግን እንደነሱ አታስብም። መርፌው ገና ቆዳዋን ሳይነካ፣ «እማ! እማ! እትዬ ልትወጋኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

«አይዞሽ የኔ ዓለም» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ጭናቸው ላይ እንደያዟት። «እትዬ እኮ ቁንጫውን ልታባርርልሽ ነው።»

«ትሂድ! እትዬ ትሂድ!»

«ትሄዳለች። ነገ ትሄዳለች፤ አሁን ግን እግርሽን አታወራጪ።»

የትምወርቅ ቀና ሳትል ከረጢቱን ነቀለች፤ ቀዳዳውን አዮዲን ቀባችው፤ ጣቱን በነጭ ጨርቅ አሰረችው። ልጅቷ ፊቷን ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንገት ሥር ሸጉጣ ትንሰቀሰቃለች። እማ የምትላቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አያቷ ናቸው። እትዬ የምትላት የትምወርቅ ናት የወለደቻት።

ነገሩ የተጀመረው አንድ የእንግሊዝ አገር ሆስፒታል የትምወርቅን ለነርስነት ትምህርት እንደተቀበላት የተሰማ ሰሞን ነው። ሦስት ዓመት ትማራለች። የሚፈልጉት ባልም ልጅም የሌላትን ሴት ነው። ባሏ ሞቷል። ልጅ የለኝም ማለት ግን ነበረባት፤ አለችም። ባትሄድስ? ክሊኒኩ ሊሰፋ ነው፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ዲፕሎማ የሌለው ሰው ቁስል እንኳ አያጥብም ተብሏል። ኢዲዶ ያለውን የቡና መሬት የባሏ የወንድይፍራው ወንድሞች «ወንድ ልጅ አልወለደችለትም» ብለው ከያዙት ቆይተዋል። ስለ ወንድይፍራው የትምወርቅ ብዙ አታወራም። የቡና መኪና ሹፌር ነበር፤ በአንድ የክረምት ጠዋት ከጨለለቅቱ ሲመለስ መኪናው ከድልድይ ወረደ። ካሳነሽ የተወለደችው ከአርባው በኋላ ነው። ስሟን ያወጡላት አያቷ ናቸው።

እናቱ ርቃ የምትሄድበትን ልጅ ሴቶቹ ቀደም ብለው ያለማምዱታል። አያቱን እማ፣ እናቱን እትዬ እንዲል ያደርጉታል። ያኔ የምትሄደው እህት ትሆናለች፤ እህት ደግሞ መሄዷ ያለ ነው። «አንጀቱ አይቆረጥም» ይላሉ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ይህን ሲያነሱ የትምወርቅ አልተቃወመችም። እንዲያውም ያለማመደቻት እሷው ራሷ ናት። ልጅቷ «እትዬ» ስትላት ዞር ብላ ታቅፋታለች፣ ጣቷን ስኳር አስነክታ ታልሳታለች። «እማ» ስትላት ግን አትዞርም። በመጀመሪያው ሰሞን ካሳነሽ ከኋላዋ ቆማ፣ ቀሚሷን እየጎተተች፣ «እማ፣ እማ፣ እማ» ትል ነበር። የትምወርቅ ሳህን ታጥባለች። ሳህኑ ከጠራ ቆይቷል፤ እሷ ግን ታጥባለች። አንድ ቀን ልጅቷ መጎተቱን ተወችው። ልጅ ፈጥኖ ይማራል።

«ቤቶች! ይቺን ልጅ ማነው የሚያስለቅሳት?» እያለች ሱራያ ገባች። ጎረቤታቸው ናት፤ ባሏ ጠሃ ዲላና አዲስ አበባ የሚመላለስ አውቶቡስ አለው። ለመንገድ ብላ በጨርቅ የቋጠረችው ተምር በእጇ ነው።

«እትዬ ወጋችኝ!» አለች ካሳነሽ፣ የታሰረ ጣቷን እያሳየች።

«ነገ የእንግሊዟን ንግሥት ልትወጋ እኮ ነው የምትሄደው። ባንቺ እየተለማመደች ነው።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሳቁ። ልጅቷም ሲስቁ አይታ ሳቀች።

«ጠሃ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይዞልሻል፣ የትሜ። መስኮት አለው፤ ያቅለሸለሸሽ እንደሆን ትከፍቺዋለሽ። እዚያ ከደረስሽ ወዲያ እንኳ መስኮት የሚከፍት የለም አሉ። ፀሐይ የወጣች ቀን ሥራ ዘግተው ነው የሚያዩዋት አሉ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ነዚፍ ባለሱቁ ነዋ! ከሞጆ አልፎ የማያውቀው ነዚፍ።»

«ቅቤስ አለ ይላል?» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ።

«እማማ ማንጠግቦሽ፣ እርስዎ እኮ ቢፈቀድልዎ ላሟን ራሷን ጠሃ ላይ ይጭኑብን ነበር።»

የትምወርቅ ፈገግ አለችና ሻሿን አስተካክላ ወጣች። የክሊኒኩን ነርስ ሲስተር አይቪን ልትሰናበት ቀጠሮ አላት።

ወሩ ኅዳር ነው። ከተማው በሙሉ የቡና ገለባ፣ የገለባ ውሃ ይሸታል። ከገጠር የሚገባው ሰው እሸት ቡናውን ተሸክሞ መንገዱን ሞልቶታል። አንዲት ሴትዮ ሸክሟን ሳታወርድ የትምወርቅን አስቁማ፣ ልጄ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ ነገ ላምጣልሽ ወይ አለቻት። የትምወርቅ «አምጪው» አለች። ነገ እንደማትኖር መናገር ከበዳት።

ሲስተር አይቪ ከእንግሊዝ አገር ቢመጡም ጥቁር ናቸው። መጀመሪያ ዲላ ሲመጡ ይህ ብዙ ሰው አደናግሯል። ገበያ ሲወጡ በጌዴኦኛ ያናግሯቸዋል፤ ዝም ሲሉ በኦሮምኛ ይሞክራሉ፣ ከዚያ በሲዳምኛ፣ በመጨረሻ በጉራጌኛ። ሁሉም አልሆን ሲል «ኩሩ ናት፣ ሰው ንቃ ነው» ብለው ይተዋቸዋል። ባርባዶስ የምትባል ደሴት እንዳለች፣ የደሴቲቱ ሴቶች ከዓለም ጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ሠራተኛ ሲጠፋ በመርከብ እየተጫኑ እንደሄዱ፣ ሲስተር አይቪም ከነሱ አንዷ እንደነበሩ ከተማው የተረዳው ቀስ በቀስ ነው። አማርኛቸው ይገባል። ሰው ፊት ለፊት ሲያናግሩ ግን ወንድና ሴት አይለዩም፤ የፖሊስ አዛዡን ሳይቀር «አንቺ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ» ብለው ነው መርፌ የወጉት።

የትምወርቅ ስትገባ ከአልጋቸው ላይ ወፍራም ጥቁር ካፖርት ዘርግተው ይጠብቋት ነበር።

«ልበሽው።»

ለበሰችው። የብል መድኃኒት ይሸታል። ትከሻዋን ወደ ታች ጎተተው።

«ይከብዳል፣ ሲስተር።»

«እዚያ አይከብድም።» ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉላት፤ አገጯ ድረስ። ከዚያ ራቅ ብለው አይዋትና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ቴሌቪዥን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም። አዲስ አበባ መጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እኛ የነርሶች ማደሪያ ውስጥ አንድ ነበረ። ሣጥን ነው፣ ሰዎቹ ውስጡ ትንንሽ። አንድ እሑድ ማታ ስለኛ ትያትር አሳዩበት። በመርከብ ስለመጣነው የደሴት ሴቶች። ከጃማይካ የመጡት፣ ከትሪኒዳድ የመጡት፣ እኔም፣ ሁላችን ከፊት ተቀመጥን። ኮፍያው የኛ ኮፍያ ነው፣ ሻንጣው የኛ ሻንጣ ነው። አንዷ ሴት ወደቡ ላይ ልጇን ትሰናበታለች። ልጁ ይጮኻል፤ አንገቷን አንቆ አልለቅም ይላል። ከእጇ ፈልቅቀው ወሰዱት። እንግሊዞቹ ልጆች ሁሉ አለቀሱ። እኛ ሳቅን።»

«ለምን ሳቃችሁ?»

«የኔ ልጅ አላለቀሰማ! ደዝመንድ። አራት ዓመቱ ነበር። እናቴን እማ እንዲላት ካስለመድነው ቆይቶ ነበር፤ ልክ እንደናንተ። ያን ቀን ወደቡ ላይ ጠጠር ይጫወታል። ስሰናበተው ቀና ብሎም አላየኝ። ከጎኔ የተቀመጠችው የጃማይካ ልጅ፣ የኔም አላለቀሰችም አለች። ከኋላዋ ያለችውም፣ የኔም አለች። ከዚያ ሳቁ ቆመ።»

የትምወርቅን በካፖርቱ ውስጥ አላባት። ቁልፉን መፍታት ግን አልደፈረችም።

«ትያትሩ በምን አለቀ?»

«ከመርከብ ሲወርዱ። ብርድ ነው፣ ጭስ ነው፣ ሙዚቃ አለ፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሳዩም።» ሲስተር አይቪ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። «ከዓመታት በኋላ አስመጣሁት። ባቡር ጣቢያ ሄጄ ቆምኩ። ረጅም ልጅ ኮፍያውን አውልቆ እጄን ጨበጠኝ። ‹እንደምን ዋሉ፣ ሚስስ› ብሎ በአባቱ ስም ጠራኝ። በናንተ አማርኛ ‹እርስዎ› አለኝ ማለት ነው። እስከ ዛሬም እርስዎ ነኝ።»

«አሁን የት ነው?»

«ለንደን፣ ባቡር ላይ ይሠራል። ለገና ካርድ ይልክልኛል። ከታች ስሙን ከነአባቱ ስም ይጽፋል። ሌላ ደዝመንድ የማውቅ ይመስል።»

ከበረንዳው የሕመምተኞች ሳል ይሰማል።

«ነገ ከመሳፈርሽ በፊት ንገሪያት» አሉ ሲስተር አይቪ። «እማ ማለት እኔ ነኝ በያት። ታልቅስ። ታልቅስብሽ! የማያለቅስ ልጅ ጥሎ ለመሄድ ቀላል ነው። ለመመለስ ግን ቀላል አይደለም።»

«እርስዎ ነገ ይመጣሉ?»

«አልመጣም። ወደብ ላይ መቆም አልወድም።»

«ዲላ ወደብ የላትም፣ ሲስተር።»

«አላት» አሉ።

ማታ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ካሳነሽን አጉርሰው፣ አፏን ጠርገው አስተኟት። ከዚያ የስንቁን በሶ መቋጠር ያዙ። የትምወርቅ ካፖርቱን ስትለብሰው ልጅቷ ፈርታ በር ኋላ ተደብቃ ስለነበር፣ አጣጥፋ ከዓይን አርቃዋለች።

«እማዬ።»

«እ?»

«ነገ ከመሄዴ በፊት እማ እንድትለኝ እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቋጠሮውን ሁለቴ ጠበቅ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። «አንድ ጊዜ ብላ የምታቆም ይመስልሻል?»

«ማን እንደሆንኩ አውቃ እንድትቀር ነው።»

«አውቃ ምን ታድርገው? አንቺ መኪናው ውስጥ ትገቢያለሽ። ነገ ማታ እማ የት ሄደች ስትል የምሰማው እኔ ነኝ። ከነገ ወዲያም እኔው ነኝ። እንግሊዝ ሆነሽ ታባብያታለሽ?»

የትምወርቅ የልጅቷን እግር በጋቢ አለበሰች።

«አባቷን ሳታየው ቀበርነው። አሁን ደግሞ እናት አለሽ ብለሽ፣ በዚያው አፍሽ ሄደች ልትያት ነው?»

«ሲስተር አይቪ እኮ ልጃቸው...»

«ሲስተር አይቪን ተያት! የልጇን ነገረችሽ፤ ልጁን ያሳደጉትን የእናቷን ነገር ነገረችሽ?» ድምፃቸው ከፍ ሲል ልጅቷ በእንቅልፏ ተገላበጠች። ዝቅ አደረጉት። «ነገ እኔም ልጄን ነው የምሸኘው፣ የትሜ። አንቺ ሄደሽ፣ ይቺም እማ ካላለችኝ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ማን ይጠራኛል?»

ይህን የትምወርቅ አስባው አታውቅም። በሶው ተቋጥሮ አልቋል፤ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን ፈትተው እንደገና ይቋጥሩት ጀመር። የትምወርቅ ከልጅቷ ጎን ተጋደመች፤ ካሳነሽ በእንቅልፍ ልቧ እጇን ዘርግታ ደባበሰቻትና፣ የፈለገችው እሷን አለመሆኑን ያወቀች ይመስል፣ እጇን ሰበሰበች። የትምወርቅ ያኔ ቆረጠች። እናቷ ቢቀየሙም ነገ ትነግራታለች። ካሳነሽ ታለቅሳለች። ታልቅስ።

ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ አውቶቡሱ ዘንድ ደረሱ። ጠሃ ጣራው ላይ ቆሞ ጆንያ ይደረድራል።

«ይሄ ቅል የማን ነው? አዲስ አበባ ነው የሚወርደው ወይስ እንግሊዝ?»

«ቅቤ ነው፣ ቀስ አርገህ ያዘው!» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ።

«እማማ፣ ይሄን ይዛ ከሄደች እንግሊዞቹ እሷን ትተው ቅሉን ነው የሚያስተምሩት!»

የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን በመስኮት አሻግረው ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር አይተዋል፤ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። «ያዢልኝማ» ብለው ልጅቷን ለሱራያ ሰጡና ነጠላቸውን ታጥቀው ወደ ውስጥ ገቡ። «ይሄ የልጄ ቦታ ነው! ተነሣ፣ ጌታው!» ሲሉ ከውጭ ይሰማል።

የትምወርቅ ሱራያን አየቻት። ሱራያ ምንም ሳትል ልጅቷን አቀበለቻትና ፊቷን ወደ ጣራው አዙራ ጠሃን ታናግር ጀመር።

ካሳነሽ ከእንቅልፏ በደንብ አልነቃችም። ሰውነቷ ይሞቃል። የትምወርቅ ከመንገዱ ጠርዝ ቁጢጥ ብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት።

«ካሲዬ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ትሰሚኛለሽ?»

«መርፌ አለ?»

«የለም። መርፌ የለም። ስሚኝ፤ እኔ እኮ...»

ሞተሩ ተነሣ። አውቶቡሱ ተንቀጠቀጠ፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀ። ልጅቷ ደንግጣ ቀና አለች፤ በመስኮቱ የአያቷን ሻሽ አየች። አያቷ መኪናው ውስጥ ናቸው። መኪናው ሊሄድ ነው።

«እማ!»

ሱራያም ጠሃም ዞረው አዩ።

«እማ! እማ አትሂጂ! እማ ጥለሽኝ አትሂጂ!»

የትምወርቅ ልታቅፋት ሞከረች። ካሳነሽ በሁለት እጇ ደረቷን ገፋቻት፤ በታሰረው እግሯ ረገጠቻት፤ ጨርቁ ተፈትቶ ወደቀ። እንዲህ ስታለቅስ የትምወርቅ አይታት አታውቅም። ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ፊቷ ይጠቁራል፣ ከዚያ ድምፁ እንደገና ይመጣል፤ «እማ! እማ!» አንገቷ እስኪገተር ወደ መስኮቱ ትዘረጋለች። ሲስተር አይቪ ያሉት ልቅሶ ይህ ነበር። በሙሉ ተለቀሰ፤ የትም ለማይሄዱት ለአያቷ ተለቀሰ።

የትምወርቅ ልትናገር የያዘችው አፏ ውስጥ ነበር። አሁን ብትለው ልጅቷ አትሰማትም። ብትሰማትስ?

ልጅቷን አቅፋ ተነሣች። የመስኮቱን መስተዋት በመዳፏ መታችው።

«እማዬ! ነይ ውረጂ!» አለች። «ልጅሽ እያለቀሰች ነው።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከውስጥ አዩዋት። ከዚያ በሰው መሐል እየተጋፉ ወረዱ። ካሳነሽ ገና በሩ ላይ ሲደርሱ ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ልቅሶው እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ስቅታው ብቻ ቀረ።

«አለሁ፣ አለሁ» ይላሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ጀርባዋን እየመቱ። ዓይናቸው ግን ልጃቸው ላይ ነው። «የትሜ፣ ንገሪያት። አሁን ንገሪያት። ፈቅጃለሁ።»

የትምወርቅ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ጨርቅ አነሣች፤ አቧራውን አራገፈች። የልጅቷን እግር ያዘች። ካሳነሽ እግሯን ሰበሰበች፣ ከዚያ ተወችላት። የትምወርቅ ጣቷን እንደገና አሰረችው።

«ይቅር፣ እማዬ» አለች። «ቁስሉን በቀን አንዴ እጠቢላት። አፈር አይንካው።»

«አጥባለሁ።»

ተቃቀፉ፤ ልጅቷ መሐላቸው ነበረች። ጠሃ «በሉ እንግዲህ፣ ሻሸመኔ ለምሳ እንድረስ!» ብሎ ጮኸ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ካሳነሽ በአያቷ ጀርባ ሆና እጇን ታወዛውዛለች። ሱራያ ክርኗን ይዛ እያሳየቻት ነው። «ደህና ግቢ፣ እትዬ!» ትላለች። ድምፁ በመስኮቱ አልገባም፤ የትምወርቅ ከከንፈሯ ነው ያነበበችው። መታጠፊያው ላይ ጉሙ ሁሉንም ሸፈናቸው።

ከጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ ዶሮ ታቅፋለች፤ ወንዶ ላይ ወራጅ ናት። ከዲላ ራቅ ሲሉ፣ «ያቺ ሕፃን ምንሽ ናት?» አለቻት።

ከእንግዲህ ይህን ብዙ ሰው ይጠይቃታል። በእንግሊዝኛ ይጠይቋታል፤ ለነሱ የምትሰጠው መልስ ቀድሞ ተጽፎ ሄዷል። ይቺ ሴት ግን ወንዶ ላይ ትወርዳለች።

«ልጄ ናት» አለች የትምወርቅ።

ሴትዮዋ አንገቷን አዙራ መንገዱን አየች። አቧራ ብቻ ነው።

«ታዲያ ምነው አላለቀሰችብሽ?»

«አልቅሳ ጨርሳ ነው።»

ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቀቻትም። ዶሮዋን ወደ ሌላው ጉልበቷ አዛውራ፣ የትምወርቅ ለያዘችው ለሲስተር አይቪ ካፖርት ቦታ ለቀቀችላት።